ሕጉ ተገኘ፤ ጨዋታውስ?
ስለ ጥንቱ ሰንጠረዥ በተጻፉ መዛግብት ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድ ጉያ ይይዛል። ሕፃናት በደጅ የሚሯሯጡት፣ ጎበዛዝት በገና ሜዳ የሚፋለሙት፣ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ጠጠር የሚያንቀሳቅሱት ሁሉ ጨዋታ ይባላል። ሰዎች ተቀምጠው የሚያወጉት ወግ፣ የሚወራወሩት ቀልድ፣ የሚገጥሙት ክርክርም እንዲሁ ጨዋታ ይባላል። «እስቲ አጫውተኝ» የሚል ሰው ወግ እንዲወጋለት መጠየቁ እንደሆነ የማይገባው የለም። ቋንቋው እነዚህን ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ቃል አጥሮት አይመስልም፤ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ እጅና አንደበት በአንድ ገበታ ይቀርቡ ስለነበር ነው።

ስለ ጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የተጻፉትን ዋና ዋና መዛግብት ሰብስቦ ለማንበብ የሚነሣ ሰው በመጨረሻ የሚያጋጥመው ችግር ከዚሁ ቃል ይመነጫል። የጠጠሮቹ ስም ይገኛል፤ አካሄዳቸው ይገኛል፤ ገበታው ከምን ይሠራ እንደነበር፣ በየትኞቹ መኳንንት ቤት ይዘረጋ እንደነበር ይገኛል። በገበታው ዙሪያ ይካሄድ የነበረው ክርክር፣ ምክሩና ፉከራው፣ ሽሙጡና ሙግቱ ግን ከእነዚህ መዛግብት ውስጥ በራሱ ድምፅ አይሰማም። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሲገኝ ሁለተኛው ጨዋታ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዛግብቱን በቅደም ተከተል መርምሮ ምን እንዳዳኑና ምን እንደጣሉ ማመልከት፣ ከዚያም የተጣለው ክፍል ለዛሬው መምህርና ለዛሬው የኪነት ሰው ምን ትርጉም እንዳለው መመዘን ነው።

ገበታውና ጠጠሩ

ሰንጠረዥ ስሙን ከሩቅ አገር ይዞ የመጣ ጨዋታ ነው። በሕንድ «ቻቱራንጋ» ተብሎ ተነሣ፤ በፋርስ አድርጎ ወደ ዐረቦች ሲደርስ «ሻትራንጅ» ሆነ፤ በኢትዮጵያም ሰንጠረዥ ተባለ። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1508–1540) በቤተ መንግሥቱ ይኖር የነበረ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደነበር፣ የመንገደኞችን ቃል ያሰባስብ የነበረው ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ መዝግቧል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ አውሮፓውያን የጨዋታውን ሕግ ለውጠው አንዳንዶቹን ጠጠሮች እጅግ ፈጣንና ኃይለኛ ሲያደርጓቸው፣ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች የጥንቱን ዝግ ያለ አካሄድ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ጠብቀው ቆዩ።

ገበታው ብዙውን ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ሆኖ የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ እየሆኑ አይፈራረቁም። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይቀረጹ ነበር፤ ቅርጻቸው ግዙፍና ጌጥ ያልበዛበት ነው። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል ዝሆን ነው፤ በሰያፍ አጠገቡ ያለውን ቤት ዘሎ ከዚያ በሚቀጥለው ያርፋል። ደር መንገዱ እስካልተዘጋበት ድረስ በቀጥታ ይገሰግሳል፤ ፈረስ ዛሬም በሚታወቀው ዝላዩ ይሄዳል። መደቅ እግረኛ ወታደር ነው፤ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይገፋል፤ ወደኋላ መመለስ አልተፈቀደለትም።

የጨዋታው ዋና መለያ ግን ጅማሬው ነው። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠሮቻቸውን እንደፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ የባላጋራቸውን አሰላለፍ ዐይተው የራሳቸውን አፍርሰው እንደገና ይሠራሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ስለዚህ የሰንጠረዥ አዋቂ የሚባለው በቃሉ ያጠናውን የአካሄድ መዝገብ የሚደግመው ሰው አልነበረም፤ የባላጋራውን እጅና ፊት በአንድ ጊዜ ማንበብ የሚችለው ነበር። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው የዚህን ዘመድ ወዲያውኑ ያውቀዋል። ባለቅኔው ቅኔን «ይዘርፋል»፤ ተጫዋቹ ገበታውን «ይወራል»። ሁለቱም ቃላት ከጦር ሜዳ የተወሰዱ ናቸው፤ ሁለቱም በቅጽበት መፍጠርን ያመለክታሉ።

ምስክሮቹ

እ.ኤ.አ. በ1805 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ መጥቶ አንጣሎ ላይ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆነ። ያየው ሁሉ የጉዞው መሪ የነበረው ቫይካውንት ቫለንሺያ በ1809 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ስለ ሰንጠረዥ የሚናገረው ክፍል ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ በጉዳዩ ላይ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ሕያው የሆነው ይኸው ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ከዝሆን ጥርስ በተሠሩ ትላልቅ ጠጠሮች ይጫወታሉ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ጫጫታው ብዙ ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሮቹ ሳይቀሩ፣ በጨዋታው ላይ ድምፅ አላቸው፤ መልካም የመሰላቸውን አካሄድ ለማሳየት እጃቸውን ሰድደው ጠጠሩን ያነሣሉ። ሶልት በመጨረሻ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ይህ ሁሉ ሰው ብልሃቱን አሟጦ ራሱን ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርጋል።

ይህ ትዕይንት በጥንቃቄ ሊጤን ይገባዋል። በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ተውኔቶች በአንድ ጊዜ እየተካሄዱ ነው። አንደኛው የጠጠሮቹ ተውኔት ነው፤ ንጉሥ ይከበባል፣ መደቅ ይወድቃል፣ ፈረስ ይዘላል። ሁለተኛው የሰዎቹ ተውኔት ነው፤ በሌላ ሰዓት በጌታው ፊት ቀና ብሎ መናገር የማይችለው ሰው በዚህ ሰዓት ጌታውን «እንዲህ ሳይሆን እንዲህ» ይለዋል፤ ጌታው የያዘውን ጠጠር ከእጁ ሥር ያነሣበታል። ንግግሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ፍጻሜው ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ታዲያ ይህ የአንድ ሰዓት ነፃነት ነበር ወይስ የነፃነት ጭንብል? ሎሌው ምክሩን የሚለግሰው ጌታው እንዲያሸንፍ ነው ወይስ በምክሩ ውስጥ ሌላ ምክር፣ በሰሙ ሥር ወርቅ ይቀብር ነበር? የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሎሌው በተናገረው ቃል ውስጥ ነው። ሶልት ያልጻፈውም ያንኑ ቃል ነው። የአገሩን ቋንቋ አያውቅም፤ ጨዋታውን የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው፤ ስለዚህ የሰማው ድምፅ በወረቀቱ ላይ «ጫጫታ» ሆኖ ቀረ። ዐይኑ ታማኝ ምስክር ነው፤ ጆሮው ግን ከደጅ ቀርቷል።

ከዚሁ ምስክርነት ውስጥ አንዲት ትንሽ ነጥብ ልዩ ትኩረት ትሻለች። ሶልት እንደሚለው መደቅ የገበታው ዳርቻ ቢደርስም ማዕረግ አያገኝም። ከእርሱ በኋላ የመጡ መዛግብት ደግሞ ዳር የደረሰ መደቅ ፈርዝ ይሆናል ይላሉ። ሜዳውን በሙሉ በእግሩ ያቋረጠ ወታደር ይሾማል ወይስ አይሾምም? ልዩነቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ የአጨዋወት ልማድ ሊሆን ይችላል፤ የእንግዳው የአረዳድ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ሕግን ብቻ የሚዘረዝር መዝገብ ይህን ሊፈታው አይችልም። ሕግ ራሱን የሚገልጠው ሰዎች ሲጣሉበት ነውና፤ አንዱ «ሹመው!» ሲል ሌላው «በማን ሕግ?» ብሎ የመለሰበት አንድ ክርክር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሕጉም፣ ልዩነቱም፣ ሕዝቡ ስለ ሹመት የነበረው አስተሳሰብም በአንድነት በተገኘ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ዎልተር ፕላውደን ነው። በ1840ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ፤ በ1860 በጎንደር አካባቢ በመንገድ ላይ በደረሰበት ጥቃት ቆስሎ ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከዓመታት በኋላ በ1868 ነው። ፕላውደን በአገሩ ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖረ በመሆኑ ከሶልት ይልቅ ወደ ጨዋታው ጠልቆ ገብቷል። የወረራውን ሥርዓት የሚገልጸው እርሱ ነው፤ ከዚያም የሚበልጥ አንድ ነገር ትቶልን ሄዷል፤ ይኸውም ስለ አሸናፊነት ክብር የተናገረው ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መውጫ ማሳጣት እንደ ታላቅ ድል አይቆጠርም ነበር። ኃይለኛ ጠጠር ይዞ ማሸነፍ ማንንም አያስደንቅም። በትናንሾቹ ጠጠሮች፣ ይልቁንም በመደቅ፣ ንጉሡን የሚያስጨንቅ ተጫዋች ግን ይወደሳል።

እዚህ ላይ የኪነ ጥበብ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ድል ብቻውን የማይበቃበት፣ ድሉ ያማረ ወይም ያላማረ ተብሎ የሚመዘንበት ጨዋታ የራሱ ሂስ ያለው ጨዋታ ነው። ሂስ ካለ ደግሞ ሃያሲ አለ። ያ ሃያሲ ማን ነበር? በገበታው ዙሪያ የቆመው ሰው ነው። «ይህ አካሄድ ያምራል፤ ያኛው አስቀያሚ ነው» ብሎ የሚፈርድበት መለኪያ፣ የሚያወድስበትና የሚነቅፍበት ቃል ነበረው። በአማርኛና በትግርኛ ሂስ ስለተባለው ነገር ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍና ከጋዜጣ መምጣት ጀምሮ ይቆጠራል። በቀዩ ጨርቅ ዙሪያ ቆሞ ይዘትና ቅርጽን፣ ውጤትና ውበትን ለይቶ ይመዝን የነበረው ተመልካች ከዚህ ቆጠራ ውጭ ቀርቷል። ፕላውደን የፍርዱን ውጤት ነግሮናል፤ የፍርዱን ቃል አልነገረንም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የሊቃውንት ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1910 እና በ1911 በኢትዮጵያ ቆይቶ ስለ አገሩ ጨዋታዎች የጻፈውን ጥናት በ1911 አሳተመ። የጠጠሮቹ ስሞች በቋንቋ ሊቅ ጆሮ ተሰምተው በሥርዓት መቀመጣቸው ታላቅ ጥቅም ነው። ይኸው ሊቅ የሸዋን የአማርኛ የቃል ግጥሞች ሰብስቦ በ1924 አሳትሟል። ጨዋታው በአንድ ጥናት፣ ግጥሙ በሌላ ጥናት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የሳይንስ ሥርዓት የሕይወትን ነገር በየመደርደሪያው ሲያስቀምጥ ሕይወት አንድ ላይ ያኖረችውን መለየቱ የማይቀር ነውና። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ሃሮልድ መሪ ወደ 900 ገጽ የሚደርስ የዓለም የቼዝ ታሪክ ሲያሳትም ለኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ቦታ ሰጠው። መሪ ኢትዮጵያን ያየው በመጽሐፍ ነው፤ መንገደኞች የጻፉትን አሰባስቦ፣ አወዳድሮ፣ አጣርቶ አቀረበ። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ ነገር ይታያል፤ ጽሑፉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በተሻገረ ቁጥር ሕጉ እየጠራ፣ ጫጫታው እየራቀ ይሄዳል። አጣሪው ወንፊት ያስቀረው ፍሬውን ነው፤ አየር ላይ የበነነው ግን ገለባ ብቻ አልነበረም።

በመጨረሻ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አቀረቡ። በዚያው ዓመት ስለ ገበጣም ጽፈዋል። በየመጽሐፉ ተበታትኖ የነበረው ወሬ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለአንባቢ መቅረቡ የእርሳቸው ውለታ ነው። ጨዋታው ከኢጣልያ ወረራ (1928 ዓ.ም.) በኋላ እየከሰመ መጥፋቱንም ገልጸዋል። እውነተኛው ወረራ በአገሪቱ ላይ ሲመጣ የገበታው ወረራ መቆሙ የታሪክ ምፀት ነው፤ የመኳንንቱ ግቢ ሲፈርስ፣ ሎሌና ጌታ በየበረሃው ሲበተኑ፣ የጨርቁ ዙሪያ ሰው አጣ።

የእነዚህ መዛግብት ሁሉ የጋራ ጉድለት ከምንጫቸው ይመነጫል። መንገደኛው የሚያርፈው በገዢ ቤት ነው፤ ስለዚህ የሚያየው የገዢውን ገበታ ነው። ሰንጠረዥ በመዛግብቱ ውስጥ የነገሥታትና የመሳፍንት መዝናኛ ሆኖ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥም የሚጫወቱ እንደነበሩ በታሪካቸው ይነገራል። ትምህርት፣ ዜማና ሰንጠረዥ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ጨዋታው የአእምሮ ጥበብ ሆኖ ይታይ እንደነበር ያስረዳል። እቴጌይቱን ያሸነፈው ወይም የተሸነፈላቸው ሰው፣ ከበስተኋላቸው ቆሞ ምክር የሰጠው ሰው ግን በታሪክ ውስጥ ስምም ቃልም የለውም።

ያልተጻፈው ክርክር

ይህ መጥፋት ለምን ሆነ? የመጀመሪያው ምክንያት የቋንቋ ነው፤ የጻፉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሰሙትን አያውቁም ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የሚያውቁት ሰዎች አለመጻፋቸው ነው። የአገሩ ጸሐፊ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ የሚጽፈው ገድልን፣ ድርሳንን፣ ዜና መዋዕልን ነበር፤ የጠጠር ወግ ለብራና የሚበቃ ነገር ሆኖ አልታየውም። ሦስተኛው ምክንያት ተናጋሪዎቹ እነማን እንደነበሩ ከማየት ይገኛል። የሎሌ ምክር፣ የባሪያ ቀልድ፣ የአጋፋሪ ሽሙጥ ማን ይጽፈዋል?

ይሁን እንጂ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ የአፍ ጥበብ ይህ ዕጣ ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም። የጥንቱ የሙግት ሥርዓት፣ «በላ ልበልሃ» የሚባለው፣ በአደባባይና በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄድ፣ በግጥምና በምሳሌ የሚነገር፣ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ የሚሰማውና የሚፈርድበት ነበር። ከዚያ ሥርዓት ብዙ ቃል በሰው አፍ ቆይቶ እስከ መጽሐፍና እስከ መድረክ ደርሷል። ርስትና ደም የሚወሰንበት ነገር ስለሆነ ሰው ቃሉን አስታወሰው። ቅኔም መምህርና ተማሪ ስላለው ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ኖረ። ሰንጠረዥ እንደ ሙግቱ ርስት አያስገኝም፤ እንደ ቅኔው ጉባኤ ቤት የለውም። ተመልካቹ ሲበተን ቃሉም አብሮ ተበተነ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እውነት ነው፤ ግን ጽሑፍ ራሱ መራጭ እንደሆነ፣ የሚወረሰውም ጸሐፊው መርጦ ያስቀረው ብቻ እንደሆነ ብሂሉ አይናገርም።

ምናልባት ተቃዋሚ ይነሣል፦ «በጨዋታ ዙሪያ የሚነገር ሁሉ ዋጋ አለውን? ጫጫታ ጫጫታ ነው። ከሺህ ቃል አንዱ እንኳ ለጽሑፍ ላይበቃ ይችላል» ይላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ማንኛውም ጨዋታ ባለበት ከንቱ ቃል ይበዛል፤ ስድብና ጉራ፣ ድግግሞሽና ጩኸት አይጠፋም። ነገር ግን ከገለባው ፍሬውን የሚለየው በኋላ የመጣው አንባቢ ነው እንጂ በቦታው የነበረው ሰው ብቻ አይደለም። በቦታው ለነበረው ሰው ከንቱ የሚመስለው ቃል ለኋለኛው ዘመን ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። የመደቁ ሹመት ጉዳይ ይህን ያስረዳል፤ በዚያ ዘመን ማንም ልብ ያላለው የአንድ ከሰዓት ጭቅጭቅ ተጽፎ ቢቆይ ዛሬ የሊቃውንትን ልዩነት በፈታ ነበር። ከዚህም በላይ ሰው በፍርድ ቤት ሲናገር ተጠንቅቆ ነው፤ በደብዳቤ ሲጽፍ ተሽሞንሙኖ ነው። በጨዋታ ጊዜ ግን የዕለት ቋንቋው፣ ስለ ማዕረግና ስለ ድፍረት፣ ስለ ብልሃትና ስለ ዕድል ያለው እምነት ሳይታሰብ ያመልጠዋል። ለተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የንግግር ትምህርት ቤት የለም።

የመድረኩ ፈተና

ከዚህ የሚከተል አንድ ፈተና አለ። ባዶ ቦታ ደራሲን ይጠራል። የቀዩን ጨርቅ ዙሪያ በመድረክ ላይ ማቆም፣ ራሱን በመካከል አስቀምጦ ሎሌዎቹን ማናገር ለማንኛውም የቲያትር ሰው የሚያጓጓ ነገር ነው። ይህን ማድረግ መብቱ ነው፤ ጥበብ ከታሪክ ዝምታ ውስጥ ድምፅ ስትፈጥር ኖራለችና። ሆኖም ሁለት ጥፋቶች ሊጠበቁ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥፋት ሰንጠረዥን ባዶ ምልክት ማድረግ ነው። ባለሥልጣን ሲያስብ ለማሳየት ከፊቱ ገበታ ማስቀመጥ፣ ጠጠሩን በዝምታ ሲገፋ መብራት ማጥፋት ከሌላ አገር ጨዋታ የተወሰደ ሥዕል ነው። የዛሬው ዓለም አቀፍ ቼዝ የዝምታ ጨዋታ ነው፤ የጥንቱ ሰንጠረዥ በሶልት ምስክርነት የጩኸት ጨዋታ ነበር። ጠጠር ይመታ ነበር እንጂ አይገፋም ነበር። ብቻውን የሚያስብ ጌታ ሳይሆን በሰው የተከበበ፣ የሚመከር፣ የሚሞገት፣ በመጨረሻም የሚታለል ጌታ ነው በመድረኩ ላይ ሊታይ የሚገባው። ወረራን የሚያውቅ አዘጋጅ ትዕይንቱን በሁለት እጆች ሩጫ ይጀምረዋል፤ ከመጀመሪያው ምት በኋላ የሚመጣውን ድንገተኛ እርጋታ እንደ ሙዚቃ ዕረፍት ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው ጥፋት ደራሲ የፈጠረውን ቃል የጥንት ቅርስ ነው ብሎ ማቅረብ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚገጥመው ስንኝ ነገ «አባቶቻችን በሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ይሉ ነበር» ተብሎ በመማሪያ ክፍል ቢነገር፣ የጠፋው ክርክር ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል። የመጀመሪያው መጥፋት ባዶ ቦታን ትቶ ነበር፤ ባዶ ቦታ ቢያንስ ፈላጊን ይጋብዛል። ሁለተኛው መጥፋት ግን ቦታውን በሐሰት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልግም አይኖርም። የፈጠራ ሥራ ፈጠራ ተብሎ፣ የተገኘ ነገር የተገኘ ተብሎ ይቅረብ። ይህ የምሁር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ለሙታን የሚደረግ ፍትሕ ነው።

ከእንግዲህስ?

የአሮጌ ክርክሮች ፍለጋ በየት በኩል ይጀመራል? በሰንጠረዥ ረገድ ከ1928 ዓ.ም. በፊት በገበታው ዙሪያ የቆመ ሰው ዛሬ ማግኘት ዘበት ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን የሰሙት ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ የጠያቂው ዘዴ ወሳኝ ነው። «ፈርዝ እንዴት ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መሪ ከመቶ ዓመት በፊት ያተመውን ነው። «አያትህ ሲሸነፉ ምን ይሉ ነበር? ማንን ይወቅሱ ነበር? ሲያሸንፉስ ማንን ይሸልሙ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር ሊያገኝ ይችላል። በየቤተሰቡ ሣጥን ያለ ደብዳቤ፣ የግል ማስታወሻ፣ በሌላ ጉዳይ ላይ የተነገረ ቀልድ ሁሉ በዚህ ዐይን ሊፈተሽ ይገባዋል። ከአንድ ሙሉ ጨዋታ ይልቅ አንዲት ቃል ብትገኝ እንኳ ትርፍ ናት።

ከዚህ የሚበልጠው ግዴታ ግን በዛሬው ላይ ነው። ገበጣ ዛሬም በገጠር በመሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ይጫወቱታል። በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ወጣቶች በካርቶን ላይ በተሠመረ ገበታ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ የአንዱ ወገን ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላው በፊቱ ይቀመጣል። ዙሪያውን ሰው ይከብባል። ሊስትሮው ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ይመክራል፤ የታክሲ ረዳቱ እያለፈ ይፈርዳል፤ ሥራ የፈታውም ሥራ ያለውም ይከራከራል። አንዱ እጁን ሰድዶ የሌላውን ቆርኪ ያነሣል። ሶልት አንጣሎ ላይ ያየውን የሚያስታውስ ነው፤ የጎደለው ራሱ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ የሚደረግለት ሰው እዚህ የለም። ስለዚህ የዚህ ገበታ ክርክር ከጥንቱ የበለጠ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምክሩ እስከ መጨረሻው ምክር ነው።

ይህን ማን እየጻፈው ነው? የትምህርት ቤት መምህር ለተማሪዎቹ «በሰፈራችሁ የሚዘወተረውን ጨዋታ ሕግ ጻፉ» ከማለት አልፎ «ሲጫወቱ የተናገሩትን ጻፉ» ብሎ ቢያዝ፣ በአንድ የትምህርት ዓመት ሊቃውንት በአንድ ምዕተ ዓመት ያላገኙት ነገር በደብተር ላይ ይሰበሰባል። የባህል ሠራተኛው ቅርስ ሲመዘግብ ገበታውን ለክቶ፣ ጠጠሩን ቆጥሮ ከመሄድ በፊት አንድ ጨዋታ ከጅማሬ እስከ ፍጻሜ ተቀምጦ ቢሰማ መዝገቡ ትንፋሽ ያገኛል። የቲያትር ተማሪው ንግግር እንዴት እንደሚቋረጥ፣ እንዴት እንደሚመለስ፣ ቀልድ እንዴት ቁጣን እንደሚያበርድ ሊማር ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ገበታ አያገኝም። በዚህ ሥራ የተናጋሪዎቹን ፈቃድና ክብር መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ሳይዘነጋ ነው።

ሄንሪ ሶልት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከራስ ወልደ ሥላሴ ገበታ ፊት ተቀምጦ ያ ሁሉ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ሳያውቅ ጫጫታ ነው ብሎ ጻፈ። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ነበርና ሊወቀስ አይገባውም። የዛሬው መምህርና የዛሬው የኪነት ሰው ግን በመንገድ ዳር ካለው የቆርኪ ገበታ አጠገብ ሲያልፉ የሚሰሙት ሁሉ ይገባቸዋል። እነርሱም ጫጫታ ነው ብለው ካለፉ፣ ለዚያ ምክንያት አይኖራቸውም።